የጎደሉት ሰባት «ቲኤ»ዎች

ቅዳሜ፣ ኅዳር ሃያ ቀን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል። ከደብረ ማርቆስ በተላለፈ የአራት ደቂቃ የሬዲዮ ዘገባ ውስጥ፣ አንዲት ተመራማሪ ዘጠኝ ጊዜ ያለችው «ቲኤ» የሚል ድምፅ ሁለት ጊዜ ብቻ ተሰማ። ሰባቱ ተቆርጠው ወጥተው ነበር። ዘገባው የእኔ ነው።

በዚያ ሰዓት ስቱዲዮ አልነበርሁም። ወደ አማኑኤል በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከሾፌሩ ጀርባ ባለው ወንበር ላይ፣ ግንባሬን ከመስታወቱ አስደግፌ ሸለብ አድርጎኝ ነበር። በዚያ ሳምንት መንገዱ ክፍት ነበር። ጉሙ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ተኝቷል። ባሕር ዛፎቹ ከውስጡ አንድ በአንድ እየወጡ በመስኮቱ ያልፋሉ፤ ግንድ፣ ክፍተት፣ ግንድ፣ ክፍተት። ከዛፎቹ ባሻገር የጤፍ ክምር ብቅ ይልና ይጠፋል። ቀጥሎ የሚመጣው ክምር ያው የቅድሙ ይመስለኛል። እኛ ቆመን፣ አንድ እርሻ በአጠገባችን እየተመላለሰ የሚያልፍ መሰለኝ። ዓይኔን ስጨፍንም ዛፎቹ አልቆሙም፤ ከዓይኔ ቆብ በስተጀርባ በዚያው እርምጃ ማለፋቸውን ቀጠሉ።

የተመራማሪዋ ድምፅ የመጣው ከዚያ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ሕልም መስሎኝ ነበር። ከሾፌሩ ሬዲዮ ነበር የሚወጣው።

«በክትባቱ ቫይረስ ላይ እንዲህ ይላል፤ ቲኤ። በሞተው በሬ ላይ ግን እንዲህ ይላል፤ ቲኤ። እንግዲህ ልዩነቱን ሰምታችኋል።»

ረዳቱ ከበሩ ሆኖ ሳቀ። «የቱን ልዩነት ነው የሰማነው?»

«ግን ብላለች እኮ» አለ ከኋላዬ የተቀመጠ ጋቢ የለበሰ ሰው። «ግን ካለች አንድ ነገር አለ።»

«ግኑማ አለ። ከግን ወዲህም ቲኤ፣ ከግን ወዲያም ቲኤ። ያው ናቸው ማለቷ ነው።»

«ታዲያ መርፌው ነዋ የጨረሳቸው!» አለች ዶሮ የታቀፈች ሴት። «እኛ ስንል ማን ሰማን? ይኸው ሬዲዮውም አመነ።»

ነቃሁ። መርፌው የእህቴ ነው።

እህቴ ታላቄ ናት። ከአማኑኤል ወጣ ብሎ ባለ አንድ ቀበሌ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆና ስትሠራ ብዙ ዓመት ሆኗታል። ላም ስታምጥባቸው፣ በግ ሲነፋባቸው ሌሊትም ቢሆን የሚጠሯት እሷን ነው። በጥቅምት፣ የከብትን ቆዳ በእብጠት የሚሞላውን፣ ሰዉ ጉርብርብ የሚለውን በሽታ ለመከላከል የቀበሌውን ግማሽ ከብት ከተበች። የቀረውን ግማሽ ለመከተብ ተራው ሳይደርስ በሽታው ገባ። ከተከተቡትም ካልተከተቡትም ያዘ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ሁለት የእርሻ በሬ አስከትበው ነበር። አንደኛው ምንም አልሆነ፤ ሁለተኛው ከክትባቱ በኋላ ሳምንት ሳይሞላው አንገቱና ጎኑ አበጠ፣ መብላት ተወ፣ ሞተ።

እህቴ የነገረችኝ ይህን ነው፦ ክትባቱ ገላ ውስጥ ገብቶ መከላከል እስኪጀምር ጊዜ ይፈልጋል፤ በሽታው ቀደመው፤ ዝንብና ትንኝ ናቸው ያመጡት። ሰዉ የተናገረው ደግሞ ይህን ነው፦ በሬው ደህና ነበር፤ መርፌ ተወጋ፤ ሞተ። የሰዉ አጭር ስለሆነ በቀላሉ ይዞራል። ከዚያ ወዲህ እህቴን በስሟ የሚጠራት ጠፋ። «መርፌዋ» ሆነች። በመንገድ ስታልፍ ከብት ወደ ውስጥ ይገባ ጀመር።

የቀረው ግማሽ ከብት ይከተብ አይከተብ በሚለው ለመነጋገር፣ ኅዳር ሃያ አንድ፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባ ተጠራ። ሰዉ እንቢ ካለ በሽታው ያልተከተበውን እየለቀመ ይሄዳል። እህቴም በዚያ ቀበሌ ሥራ አይኖራትም። ከብቱን የማይሰጣት ሰው መሃል የከብት ባለሙያ ሆና ልትኖር አትችልም።

ጉዳዩ እህቴን ስለሚነካ ዘገባውን ሌላ ሰው እንዲሠራው አለቃዬን ጠይቄ ነበር። ሰው አልነበረም። «አንተ ምንም አትበል» አለኝ። «ተመራማሪዋ ትናገር፣ አንተ ጥያቄውን ብቻ አንብብ።» በዚህ ተስማማን። ስለዚህ በዘገባው ውስጥ የእኔ ማጠቃለያ የለም። ነገሩ ሁሉ ያረፈው በእሷ ድምፅ ላይ ነበር።

ተመራማሪዋ የወሎ ልጅ ናት፤ ደብረ ማርቆስ የምትኖረው ተከራይታ ነው፤ የእንስሳት በሽታ ታስተምራለች። ከሞተው በሬ እብጠት ላይ ቅርፊት ወስዳ በበረዶ ሣጥን አስልካ ያስመረመረች እሷ ናት። በዚያ ሳምንት ማክሰኞ ቢሮዋ ስገባ የመስኮቱን መጋረጃ ዘግታ፣ የኮምፒውተሩ ብርሃን ብቻ ፊቷ ላይ ወድቆ አገኘኋት። በስክሪኑ ላይ የቫይረሱ ዘረመል ተዘርግቷል። ፊደሎቹ አራት ብቻ ናቸው፤ ኤ፣ ቲ፣ ጂ፣ ሲ። ቃል የላቸውም፣ ነጥብ የላቸውም፣ አንቀጽ የላቸውም። ገጹን በጣቷ ወደ ታች ስትስበው እንደ ዝናብ ይወርዳል። ብዙ ሰነድ አንብቤያለሁ፤ እንደዚያ ያለ ረጅምና ዝምተኛ ጽሑፍ ግን አይቼ አላውቅም።

«እዚህ ጋ» አለችና አቆመችው። «ይህችን እያት። ቲኤ። ከዚያ እንደገና ቲኤ። እንደገና።»

«ትርጉሙ ምንድን ነው?»

«አንዳንዱ ድግግሞሽ ሥራ እንዳለው እናውቃለን፤ የብዙውን አናውቅም። እኔ ዛሬ የምፈልገው ትርጉሙን አይደለም፤ ቁጥሩን ነው።»

እንዲህ አስረዳችኝ። ቫይረስ ሲራባ ዘረመሉን ይገለብጣል። ገልባጩ ብዙውን ጊዜ ጠንቃቃ ነው። ነገር ግን አንዲት አጭር የፊደል ጥምር ደጋግማ ስትመጣበት የት እንደደረሰ ይጠፋዋል፤ አንዷን ይዘላል፣ ወይም ያነበባትን መልሶ ይጽፋል። ይህ ሲሆን ቁጥሩ ይቀየራል። የተቀየረው ቁጥር ለልጅ፣ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። ስለዚህ ቁጥሩን የቆጠረ ሰው ቫይረሱ ከየትኛው ቤተሰብ እንደመጣ ፍንጭ ያገኛል። በጠርሙስ የሚመጣው የክትባት ቫይረስ ከአንድ ዘር የተራባ ስለሆነ በዚያ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ሦስት ቲኤ አለው። ከሞተው በሬ የተወሰደው ስድስት አለው።

«በአንድ ቦታ ብቻ አልፈርድም» አለችኝ። «ሌሎችም ቦታዎች ቆጥሬያለሁ። ሁሉም የሚያሳዩት አንድ ነገር ነው፤ በሬውን የያዘው ከክትባቱ ሌላ ነው። ይቺ ግን ለጆሮ ትቀላለች።»

ለጆሮ የሚቀል ነገር ለእኔ ሥራ ነው። ማይክሮፎኑን አቀረብሁላት። አነበበችው። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነበር፤ ልጅ እንደምታስተኛ ሴት፣ ቲኤ ቲኤ ቲኤ፤ ትንፋሽ ወሰደች፤ ቲኤ ቲኤ ቲኤ ቲኤ ቲኤ ቲኤ። ከዚያ ቀን በኋላ ድምፁ ከጆሮዬ አልወጣም። ከቧንቧ ውኃ ሲንጠባጠብ እሰማዋለሁ፤ የባጃጅ ሞተር ቆሞ ሲጠብቅ እሰማዋለሁ። ሳላውቀው ደረጃ ስወጣ ስድስተኛው ላይ እቆማለሁ።

አማኑኤል እንደወረድሁ ድምፅ ለሚያስተካክለው ባልደረባዬ ደወልሁ። እሱ በሥራው ቀዳሚዬ ነው። ድምፅ በቴፕ ክር ይቀዳ ከነበረበት ዘመን ጀምሮ በምላጭ ሲቆርጥ የኖረ ሰው ነው። ከባለሥልጣን አፍ «እእእ»ን፣ ከገበሬ አፍ ሳልን፣ ከሙሽራ አፍ ሳግን ያወጣል። ሰው በእሱ እጅ ካለፈ በኋላ ራሱን በሬዲዮ ሰምቶ በአንደበቱ የማይኮራ የለም። ይህን ሥራውን «ጽዳት» ይለዋል።

«ዘገባዬን ምን አደረግኸው?»

«ምን አደርገዋለሁ፤ አጸዳሁት።»

«ምኑን?»

«ሴትዮዋ መሃል ላይ ተያዘችብህ እኮ። ቲኤ ቲኤ ቲኤ ትላለች። ሰው እንዳይስቅባት አንድ አንድ አስቀረሁላት። አሁን ብትሰማት እንደ ዜና አንባቢ ትፈሳለች።»

«ነገሩ መደጋገሙ ነበር። ሦስትና ስድስት ነው ያለችው። አሁን አንድና አንድ ሆነ።»

በረጅሙ ሲተነፍስ ሰማሁት።

«ኧረ በማርያም! ዕድሜ ልኬን ሰው ሲንተባተብ ስቆርጥ ኖሬ፣ የሚንተባተብ ቫይረስ ከየት አመጣህብኝ?»

ማስተካከያው ሊተላለፍ የሚችለው ሰኞ ጠዋት ነበር። ስብሰባው እሑድ ነው። ያልተቆረጠውን ቅጂ እንዲልክልኝ ስጠይቀው ኢንተርኔት እንደሌለ ረስቼው ነበር፤ እሱ አስታወሰኝ። ለተመራማሪዋ ደወልሁላት። የሆነውን ስነግራት መጀመሪያ አላመነችኝም። ቀጥላ ስቃ አላቆመችም።

«ባልደረባህ እኮ ልክ እንደ ቫይረሱ ገልባጭ ነው የሠራው። ድግግሞሽ ላይ ሲደርስ ዘለለ!» አለች። ሳቋ ሲያልቅ ድምፅዋ ተለወጠ። «እህትህስ?»

«ነገ ስብሰባ አለባት።»

«አብሽር። በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ።»

እህቴ ቤት ስደርስ በረንዳው ላይ ተቀምጣ የክትባት መርፌዎቿን ቀቅላ በነጭ ጨርቅ ላይ እየደረደረች ነበር። ዘገባውን ሰምታዋለች። ጎረቤትም መጥቶ ነግሯታል። ቀና ብላ አየችኝ።

«እንኳን ደህና መጣህ፣ አንድና አንድ» አለችኝ።

«እትዬ፣ ተቆርጦ ነው።»

«እንደሚሆን አውቄያለሁ። አንተ እንደዚያ ያለ ነገር አትሠራም። ሽሮ አለ፣ ግባና ብላ።» ወደ መርፌዎቹ ተመለሰች። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ነጩ ጨርቅ ላይ ጫፋቸው በአንድ አቅጣጫ ተደርድሮ የከሰዓቱን ፀሐይ ይዟል። ለነገ የሚያስፈልጓት አልነበሩም።

እሑድ ኅዳር ጽዮን ነበረች። ከቅዳሴ የወጣው ሰው ነጠላውን እንደለበሰ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውጭ ባለው ዋንዛ ሥር ተሰበሰበ። ጉሙ ገና አልተነሣም ነበር፤ ነጠላውና ጉሙ አንድ ቀለም ስለሆኑ ዳር ላይ የቆሙት ሰዎች ፊታቸው ብቻ በአየር ላይ የተንጠለጠለ ይመስል ነበር። ተመራማሪዋ ሻሽዋን አጥብቃ ከእህቴ ጎን ተቀመጠች። በሬ የሞተባቸው ሽማግሌ ከፊት ነበሩ። በልጅነታቸው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የቀሰሙ፣ አነጋገራቸው የማያዳግም ሰው ናቸው ይባላል። ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው እኔን ተመለከቱኝ።

«የሬዲዮው ሰው አንተ ነህ አሉ፤ የመርፌዋ ወንድም።»

«አዎ አባቴ። ወንድሟ ነኝ።»

«ትናንት ያውና ያው ናቸው ብላችሁ፣ ዛሬ ደግሞ አይደሉም ልትሉን ነው?»

«ትናንትም አላልንም። ድምፁ ተቆርጦ ነው።»

«ማነው የቆረጠው?»

«ባልደረባዬ። የተንተባተበች መስሎት፣ ሰው እንዳይስቅባት ብሎ።»

ሰዉ ሳቀ። «ደግ ሰው ነው!» አለች አንዲት ሴት ከኋላ። «ለባሌም ባመጣችሁልኝ!»

ተመራማሪዋ ተነሣች። ስለ ገልባጩ፣ ስለሚዘለውና ስለሚደገመው እኔን ባስረዳችበት ቋንቋ ነገረቻቸው። ከዚያ ቀኝ እጅዋን ከነጠላዋ አውጥታ፣ አውራ ጣቷን በጣቶቿ አንጓ ላይ እያሳረፈች፣ ማንበብ ጀመረች። ቲኤ፣ አንድ አንጓ። ቲኤ፣ አንድ አንጓ። ቲኤ።

«ቆይ» አሉ ሽማግሌው። «በአንጓ ነው የምትቆጥሪው?»

«በአንጓ ነው አባቴ። ከሶላት በኋላ ስናወድስ እንዲህ ነው የምንቆጥረው። እናቴ ናት ያስተማረችኝ።»

«እኛም እግዚኦታውን በአንጓ ነው የምንቆጥረው።» የራሳቸውን እጅ አወጡና አዩት። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ፤ ወደ እኔ ዞሩ። «እንግዲያ ያ ባልደረባህ፣ አርባ አንዱን እግዚኦታ አንድ ጊዜ ብሎ ያሰናበተን ቄስ ነው በለኛ!»

ዋንዛው ሥር ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ቄሱ መስቀላቸውን እንደያዙ «እኔን ከዚህ ውስጥ አታግቡኝ» አሉ። አንድ ጎልማሳ «እንዲያ ያለ ቄስ ቢኖረን ፍስኩ ቶሎ ይደርስልን ነበር» ሲል አጠገቡ ያሉት በክርናቸው ጎሸሙት።

«እስቲ እንደገና በይው» አሉ ሽማግሌው። «ቀስ ብለሽ።»

ደገመችው። አሁን እሳቸው በራሳቸው አንጓ ቆጠሩ። ብዙዎችም እጃቸውን ከነጠላ ውስጥ አውጥተው ሲቆጥሩ አየሁ። በዚያ ጉም ውስጥ የእሷ ድምፅና በጣቶች ላይ የሚራመዱ አውራ ጣቶች ብቻ ነበሩ። ሚኒባሱ ውስጥ ያየሁት ሕልም ተመልሶ የመጣ መሰለኝ፤ ግንድ፣ ክፍተት፣ ግንድ፣ ክፍተት። ስድስተኛው ላይ ቆመች። አውራ ጣቶቹም ቆሙ።

«ሦስቱ የመርፌዋ ነው?»

«የመርፌዋ ነው አባቴ።»

«ስድስቱ የበሬዬ?»

«የበሬዎ ነው።»

ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን ከስድስተኛው አንጓ ላይ ሳያነሡ ቆዩ። «አልዋሸሽንም» አሉ በመጨረሻ። «ቆጥሬዋለሁ። በሬዬ ግን በስድስትም ሞተ።»

በዚህ ጊዜ እህቴ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች።

«ሞተብዎ አባቴ። ክትባቱ ቀደም ብሎ ደርሶልኝ ቢሆን ይተርፍ ነበር። እኔም እንደርስዎ አዝኜለታለሁ።»

ሽማግሌው ዱላቸውን አንሥተው ቆሙ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ዙሪያውን አይቶ፣ ክርክር የሚጀምር ሲያጣ፣ «ረቡዕ ጠዋት ክትባት አለ። ያመነ ያምጣ፣ ያላመነ ይተው» አለ። ድምፅ አልተሰጠም። ሰዉ በየአቅጣጫው ጉሙ ውስጥ ገባ።

ሰኞ ጠዋት ማስተካከያው ተላለፈ። የንባቡ ጽሑፍ በስልክ ከእኔ የተወሰደ ነው፤ ድምፁን ያዘጋጀው ባልደረባዬ ነው። ዘጠኙም ቲኤዎች ነበሩ። መሃል ላይ ተመራማሪዋ የወሰደችው ትንፋሽም ነበር፤ ከዚያ ቀደም እሱ የሚያስቀረው ነገር አልነበረም። ሲያልቅ ደወለልኝ። «አንዲት ነገር አልነካሁም» አለኝ። «እጄ ግን ምን ያህል እንዳሳከከኝ አትጠይቀኝ።»

ረቡዕ፣ ኅዳር ሃያ አራት፣ ሳይነጋ ከእህቴ ጋር ወጣን። ከብቱ የሚከተብበት ቦታ ከባሕር ዛፍ አጣና የተሠራ፣ ከብት አንድ በአንድ የሚያልፍበት ጠባብ መተላለፊያ ነው። እህቴ የበረዶ ሣጥኑን በድንጋይ ላይ አስቀመጠች፤ መርፌዎቹን በነጩ ጨርቅ ላይ ዘረጋች፤ እጅዋን ታጠበች። ሰው አልነበረም። ጥቂት ቆይቶ፣ ከማሳው ማዶ፣ ጉሙ ውስጥ ጥላዎች ቆመው አየሁ። ከብት ይዘው የመጡ ሰዎች ናቸው። አይቀርቡም፣ አይመለሱም። አንዱ ሌላውን ይጠብቃል። የከብቶቹ ትንፋሽ ብቻ ነጭ ሆኖ ይወጣና ከጉሙ ጋር ይቀላቀላል። እህቴ ወደዚያ አልተጣራችም። እጅዋን ሁለተኛ ታጠበች።

መጀመሪያ የሰማሁት ዱላ ድንጋይ ሲነካ ነው። ሽማግሌው ከጉሙ ውስጥ ወጡ። በገመድ አንዲት ጊደር ይስባሉ። በጥቅምቱ ክትባት ጊዜ ደምበጫ ዘመድ ቤት ስለነበረች ያልተከተበች ናት፤ ከበሬው ጋር ከአንዲት ላም የተወለደች መሆኗን እህቴ በኋላ ነገረችኝ። መተላለፊያው አፍ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ስንት ጊዜ ነው የምትወጊያት?»

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው አባቴ።»

«አደራ፤ እንደዚያች እንደ ወሎይቱ እንዳትደጋግሚባት።»

እህቴ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። ሽማግሌው ገመዱን አቀበሏት። ከማሳው ማዶ ከቆሙት ጥላዎች አንዱ ተንቀሳቀሰ።

ጊደሯ ቀይ ናት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት። የተከተበችው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ነው።